እናቴ ትምህርት ቤት ስትመርጥ

ድርቁ አልፎ ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት ነው። ስድስተኛ ክፍልን ደሴ ጨርሼ ወደ ሰባተኛ ሳልፍ፣ አባቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የመካኒክነት ሥራ አገኘና ጓዛችንን ጠቅልለን ለመውረድ ተነሣን። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ የጭነት መኪና ላይ ቦታ ተገኘላቸው። ቦታ ያልተቆረጠልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣው አጎቴ ነው። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን ፒያሳ አጠገብ ልብስ ይሰፋል። እኩያዬ የሆነች ሴት ልጅ አለችው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። በመሰነባበቻው ምሽት ሁላችንም እነሱ ቤት ተሰብስበን ሳለ አጎቴ አባቴን እንዲህ አለው፦

«እሷን እዚሁ ተዋት። ዕቃ ይጓዛል፣ ትምህርት አይጓዝም። ሰባተኛ የምትገባበት የደሴው ትምህርት ቤት የጥንት ነው። ግንቡ ድንጋይ፣ ቤተ ሙከራው ሙሉ፣ መምህራኑ አንቱ የተባሉ። ኮምቦልቻ ምን አለና? ሙቀት ነው ያለው።»

«ልጄ ከቤቴ አትወጣም» አለ አባቴ።

«የኔ ቤት የማን ቤት ሆነና ነው?»

ሁለቱ ወንድማማቾች እንዲህ ሲባባሉ የአጎቴ ልጅ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨብጣ ይዛለች። እኔም እንድቀር ነው የምፈልገው። እናቴ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ታጥፋለች። መጨረሻ ላይ አጎቴ ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«እኔማ ምን እላለሁ፣ አላየሁት» አለች። «በግ ስንገዛ እንኳ ላቱን ዳብሰን፣ ጥርሱን ገልጠን ነው። ለልጅ ትምህርት ቤት በወሬ ይሁን? ሁለቱንም ሳላይ አፌን አልከፍትም።»

አጎቴ ሳቀ። «ትምህርት ቤት እንዴት ይታያል? ላት የለው፣ ጥርስ የለው።»

«አብሽር፣ ሳየው ይገባኛል።»

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። የሱቅ ሰሌዳ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ አይቀራትም። ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ከእሷ ጋር መሄድ ከተማው በሙሉ ሲነበብ መስማት ነበር። ትምህርት ቤት የሚባል ግቢ ግን ረግጣ አታውቅም። እኔን ስታስመዘግብም አባቴን ነበር የምትልከው።

በማግስቱ ማለዳ ይዛኝ ወጣች። ትምህርት ከተጀመረ ገና ጥቂት ቀን ነው። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም ከተማውን ሸፍኖታል፤ ብርዱም ደህና አድርጎ ይቆነጥጣል። የአጎቴ ሚስት አዝናላት ጥቁር ካፖርቷን አዋሰቻት፤ ካፖርቱ ብቻውን ያምራል ብላ ቦርሳዋንም ጨመረችላት። እናቴ ረጅም ናት። ካፖርቱን ለብሳ፣ ቦርሳውን በብብቷ ሸጉጣ ስትራመድ እኔ እንኳ አከበርኳት።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከመቀመጫው ተነሣ። «ማንን ልጥራ?»

«ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ትምህርቱን ማየት ፈልጌ ነው» አለችው።

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያትና እየሮጠ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ዳይሬክተሩ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ ብቅ አለ።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ ጓድ። ቀደም ብለው ቢያሳውቁን ኖሮ...»

«ምን ያደርጋል ብላችሁ ነው? አሳውቄ ብመጣማ ጠራርጋችሁ ትጠብቁኝ ነበር።»

ዳይሬክተሩ የቀረውን የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። እናቴ ይህን ሁሉ መስተንግዶ የደሴ ሰው ደግነት ነው ብላ ነበር የያዘችው። እኔ ግን ከበላይ አካል የተላከች ተቆጣጣሪ መስላቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ በዚያ ዘመን የተማሪ ጆሮ እንዲህ ያለውን ቶሎ ይሰማል። ልነግራት ብዬ ካፖርቷን ብጎትት «አርፈሽ ሂጂ» አለችኝ።

አንድ ሰባተኛ ክፍል አስገቡን። የሳይንስ መምህሩ ቅጠል እንዴት ምግቡን እንደሚሠራ እያስረዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ የሣለው ተክል የእውነት ይመስላል፤ ድምፁም ያምራል። ዳይሬክተሩ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ ሲለው ግን ጉሮሮውን ጠረገና መንገዱን ቀየረ።

«እንግዲህ ልጆች፣ ቅጠሉ ምግቡን የሚያመርተው ለራሱ ብቻ አይደለም። ለግንዱም ለሥሩም ነው። በኅብረት ያመርታል፣ በኅብረት ይጠቀማል። ልክ እንደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ነው።»

እናቴ ነገሩ ጥሟት ራሷን ነቀነቀች። መምህሩ በረታ። ቀጥሎ ሥሩ ከመሬት በታች የሚደክም ላብ አደር ሆነ። ቅጠሉን የሚበላው ትል ደግሞ ሳይሠራ የሚበላ አድኃሪ ተባለ። ልጆቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይህን ሁሉ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡ ጀመር።

ሲጨርስ ዳይሬክተሩ «አስተያየት ካለዎት» አላት።

እናቴ ተነሣች። «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ትምህርት ነው። ተክል እንዲህ ጨዋ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እነዚያ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ልጆች አንዴም አልተናገሩም። አሟቸው ነው?»

 ዳይሬክተሩ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ጻፈው።

ከዚያ ግቢውን አስጎበኙን። እውነት ለመናገር አጎቴ አልዋሸም ነበር። የድንጋዩ ግንብ የተጠረበ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት አለው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጻሕፍቱ እስከ ጣራ ተደርድረዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ጨርቅ የለበሰ ማይክሮስኮፕ ቆሟል። እናቴ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ይኼ ደግሞ የሚሰፋው ምንድን ነው?» አለች፤ የአጎቴ ዓይነት የስፌት መኪና መስሏታል።

አብሮን የነበረው የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው በመሳቁ ደንግጦ አቀረቀረ።

ዳይሬክተሩ እስከ በሩ ሸኘን። ሊለየን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሪፖርቱ መቼ ይደርሰናል?» አላት።

«የምን ሪፖርት? እኔ እኮ ልጄን የት ላስገባት ብዬ ነው የመጣሁት» አለችና ወደ እኔ ጠቆመች።

ዳይሬክተሩ እሷንም እኔንም ካፖርቱንም በየተራ አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። የበሩን ብረት ተደግፎ፣ መነጽሩን አውልቆ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ዘበኛውም ምንም ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«እኅቴ» አላት በመጨረሻ፣ «እንዲህ ያለ ወላጅ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ልጅቷን ያምጡልን። ሴቶቹንም ከኋላ እናነሣቸዋለን።»

እናቴ ነገሩ የገባት መንገድ ላይ እኔ ስነግራት ነው። ቀጥ ብላ ቆመችና «ወላሂ?» አለች። ከዚያ እስከ አጎቴ ቤት ድረስ እየሳቀች ሄደች።

ኮምቦልቻ የወረድነው በሁለተኛው ቀን ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። እናቴ ካፖርቱን መልሳ፣ በቤት ቀሚሷና በሻሿ ሆና ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም። አጥሩ የቁልቋል ነው፤ በሩ ላይ ማንም የለም። ከክፍሎቹ ገሚሶቹ ግድግዳቸውም ጣሪያቸውም ቆርቆሮ ሲሆን ቦታ ያልበቃቸው ልጆች ደግሞ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አንድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ሰው የውሃ ቦይ ይቆፍራል።

«ወንድሜ፣ የትምህርት ቤቱን ኃላፊ የት ላግኘው?» አለችው እናቴ።

«እስቲ ይህን ይያዙልኝ» ብሎ ዶማውን አስያዛት። እጁን ቦዩ ውስጥ ታጠበና ሱሪውን አወረደ። «እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

ይህን ጊዜ ተጠንቅቃ ተናገረች። «ተቆጣጣሪ አይደለሁም። እናት ነኝ። ልጄን ከማስገባቴ በፊት ትምህርቱን ማየት ፈልጌ ነው።»

«ደግ አደረጉ። መቀመጫ ግን የለንም። ድንጋይ ይስማማዎታል?»

ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትምህርቱ ጂኦግራፊ ነው። መምህሩ ገና ወጣት ነው፤ ሰሌዳውን ከዛፉ ግንድ ጋር በገመድ አስሮታል። ስለ ወንዞች እያስተማረ ሳለ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቦርከና መጨረሻው የት ነው?»

«አዋሽ ውስጥ ይገባል።»

«አዋሽስ ባሕር ይገባል?»

«አይገባም። በረሃው ውስጥ ይቀራል።»

«ያ ሁሉ ውሃ እንዴት በረሃ ላይ ይቀራል?»

መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። «እሱን እኔም በደንብ አላውቀውም። ነገ ካርታ ይዤ እመጣለሁ፣ አብረን እንፈልገዋለን» አላት። ልጅቷም ተቀመጠች።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። 

ትንሽ ቆይቶ ከየት መጣ የማይባል ዝናብ ወረደ። ሁላችንም ተነሥተን ወደ ቆርቆሮው ክፍል ሮጥን፤ መምህሩ ሰሌዳውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ከኋላ ተከተለን። አስቀድሞ ሌላ ክፍል ይማርበት ስለነበር አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበን ቆምን። የቆርቆሮው ጩኸት የሰውን ድምፅ ዋጠው። መምህሩ በአፉ የሚለው ስላልተሰማ በእጁ ምልክት ሰጠና ልጆቹ መዝፈን ጀመሩ። ዝናቡ ሲብስ እሱን ለመብለጥ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እናቴ በሩ አጠገብ፣ ግማሽ ጎኗ እየራሰ፣ ታጨበጭብ ነበር።

ሲያባራ ልንሄድ ስንል እናቴ እንደ ልማዷ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ጮክ ብላ አነበበች። «የማታ ትምህርት መማር የምትፈልጉ ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች...»

ዳይሬክተሩ አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። «እንግዲያው ይመዝገቡ» አላት።

«ማን? እኔ?»

«ማስታወቂያው የሚለው የቤት እመቤቶች ነው። እርስዎም አሁን አነበቡት።»

 እስከ ቤት ድረስ እናቴ ያለፍናቸውን ሰሌዳዎች ሁሉ ሳታነባቸው ማለፏ አስደነቀኝ።

ማታ እራት ላይ አባቴ «እህ፣ ላቱ እንዴት ነው?» አላት።

«ሁለቱም ደግ ነው» አለች። «ቤቱማ የደሴው ይበልጣል፣ ወንድምህ አልዋሸም። ዕቃ ሞልቶታል። እዚህ ዝናብ ሲዘንብ ትምህርት የለም። ግን የዚህኛው መምህር ልጅቷ ስትጠይቀው አልተቆጣትም፤ አላውቅም አላት። ልጄ ጥያቄ ታበዛለች፣ ታውቃለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ የት ትፈልጊያለሽ?»

«ደሴ» አልኩ እውነቱን። የአጎቴ ልጅ ትናፍቀኛለች፤ የመስታወት መስኮቱም ልቤ ውስጥ ገብቷል።

እናቴ ወጡን ስታማስል ቆየችና «እኔ እንኳ ኮምቦልቻ ልመዘገብ ነበር። የማታውን» አለች።

የአባቴ ጉርሻ አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። «ትምህርት ቤት ልትመርጪ ሄደሽ ለራስሽ መረጥሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ማስታወቂያው ጠራኝ።»

ያን ጊዜ ሐሳቤን ቀየርኩ። እናቴ ደብተር ይዛ ስትሄድ ማየት ከመስታወት መስኮት በለጠብኝ።

እኔ ጠዋት ሰባተኛ ክፍል፣ እናቴ ሲመሽ ሦስተኛ ክፍል ገባን። የምንማርበት ቤት አንድ ነበር፤ እሷም ፈልጋ የኔን ወንበር ያዘች። «ወንበርሽ ላይ ቀለም አፍስሰሽ ቀሚሴን አበላሸሽው» ብላ ትቆጣኛለች። እኔ ደግሞ የረሳችውን መሀረብ ጠዋት አግኝቼ አመጣላታለሁ። የሁለታችንም የሒሳብ መምህር አንድ ሰው ነው። እኔን በረፍት ሰዓት ይጠራኝና «እናትሽ ማካፈል ላይ ትቸኩላለች፣ ንገሪያት» ይለኛል። ማታ ደግሞ ለእሷ «ልጅዎ የቤት ሥራ ትገለብጣለች» ይላታል። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ ሽሮውን ራሱ መሥራት ተማረ። መጀመሪያ ሰሞን ለጎረቤት አይቀርብም ነበር፤ ኋላ ግን ከእናቴ የተሻለ ይሠራል የሚሉ ሰዎች መጡ፤ እሱም ይህን ደጋግሞ ያነሣ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ በዳይሬክተሩ ቦይ እየጠጣ ፓፓያና ቲማቲም አፈራ። ማይክሮስኮፕን ግን የተማርነው መምህሩ በጠመኔ ከሣለው ሥዕል ነው። የአጎቴ ልጅ በየእረፍቱ ወደ እኛ እየወረደች «እኛ በእውነተኛው ነው የምናየው» ትለኛለች። እኔም «እናንተ ዋርካ አላችሁ?» እላታለሁ። እንዲህ ስንከራከር ዓመቱ ሊያልቅ ደረሰ።

ግንቦት ላይ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ደሴ ተዘጋጀ። እኔ ለኮምቦልቻ፣ የአጎቴ ልጅ ለደሴ ተመረጥን። ኤንትሬ የጭነት መኪና ለምነን ተሳፈርን፤ ለአስተናጋጆቻችን ስጦታ ብለን ጆንያ ሙሉ ፓፓያ ጫንን። እናቴም የማታ ተማሪዎችን ወክዬ ነው ብላ ወጣች። ማንም አልወከላትም ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎቴ ከረባት አስሮ ከደሴዎቹ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጥቡ ሲመጣጠን ቆየና የእርሻ ጥያቄ መጣ። «አንዳንድ የፓፓያ ዛፍ እያበበ ፍሬ የማይሰጠው ለምንድን ነው?» የደሴዎቹ ተያዩ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ወንድ ስለሆነ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጠያቂው «ትክክል» ሲል አጎቴ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከየት ወገን እንደተቀመጠ ያስታወሰው የገዛ ልጁ ከመድረኩ ላይ ስታፈጥበት ነው። ከረባቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

ነጥቡ እንደገና እኩል ሆኖ ሳለ የመጨረሻው ጥያቄ የኛ ሆነ። «በማይክሮስኮፕ የምናየውን ነገር ወደ ግራ ብንገፋው፣ በዓይናችን ወዴት ሲሄድ ይታየናል?» የተመካከርነው ለአፍታ ነው። ወደ ግራ የተገፋ ነገር ከግራ ሌላ የት ይሄዳል? «ወደ ግራ» አልን። ጥያቄው ወደ ደሴዎቹ ዞረ። የአጎቴ ልጅ ጠያቂው ገና ሳይጨርስ «ወደ ቀኝ!» አለች። እሷ ገፍታ አይታዋለች፤ እኛ የጠመኔ ሥዕል መግፋት አልቻልንም። ተሸነፍን።

ከኛ ወገን አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እናቴ በሰው መካከል እየተሽሎከለከች ወደ ደሴው ዳይሬክተር ሄደች። ሲያያት ወዲያው አወቃት።

«ጓድ ተቆጣጣሪ» አላት እየሳቀ፣ «ይኸው ሴቶቹን ከኋላ አንሥተናል። ያሸነፈችልን እንኳ ሴት ልጅ ናት።»

«አይቻታለሁ፣ የኛው ዘመድ ናት» አለች እናቴ። «ልጆቻችን ግን ያን መሣሪያ በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ከመውረዳቸው በፊት አንድ አንድ ጊዜ ቢያዩበት ምን ይላሉ?»

ዳይሬክተሩ ወዲያው ቁልፍ አስመጣ። ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ተሰለፍን፤ የአጎቴ ልጅ «አትነካኩ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አትተንፍሺበት» እያለች አዛዥ ሆነች። ስስ የሽንኩርት ቆዳ ነበር የተቀመጠው። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የተያያዙ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች ታዩኝ። ወደ ግራ ገፋሁት። ወደ ቀኝ ሄደ። ደግሜ ገፋሁት፤ አሁንም ወደ ቀኝ። መሸነፌን ረስቼ ሳቄ መጣ። ከኋላዬ ያሉት «በቃሽ» ብለው ጎትተው አወጡኝ።

እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች። መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰችና ልጆቹን አሳቀቻቸው። ከዚያ አንዱን ከፈተች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

«ቤት ቤት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀጥ ብሎ የተሠራ ቤት። ሽንኩርት ስከትፍ ይህን ሁሉ ነበር እንዴ የማፈርሰው?»

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ይህን ጊዜ ሳይደነግጥ ሳቀ።

ውጪ ፓፓያው ተቆራርጦ ተሰጠ። የደሴ ልጆች ዘሩን እየተፉ፣ ጭማቂው እስከ ክርናቸው እየወረደ በሉ። አጎቴ ሁለት ቁራጭ ከበላ በኋላ እናቴን ጠጋ ብሎ «ሙቀቱ ያበቀለው ነገር አይከፋም» አላት። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እሷም «እርስዎም የልጅዎን ቤተ ሙከራ ስላሳዩን ጀዛከላህ» አለችው። በማግስቱ ትምህርት ስለሌለ ልጁ ከኛ ጋር እንድትወርድ ፈቀደ።

ስንመለስ መኪናው ላይ የአጎቴ ልጅና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐረጎን ስንወርድ አየሩ በየጠመዝማዛው ይሞቃል። በመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ሹራባችንን አወለቅን፣ ቀጥሎ ሻርባችንን፣ ታች ስንደርስ እጅጌያችንን ጠቀለልን።

«ተሸንፋችኋል ግን» አለችኝ የአጎቴ ልጅ።

«ፓፓያችንን ግን በልታችኋል።»

«የናንተ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የለውም።»

«የናንተ እናቶችን አያስገባም።»

ይህን ጊዜ ዓይኗን ወደ እናቴ አነሣች። እናቴ ከፊታችን፣ ከጂኦግራፊው መምህር አጠገብ፣ የመኪናውን ጎን ይዛ ቆማ ነበር። ልጆቹ ዘፈን ሲጀምሩ እሷ ግጥሙን ስለማታውቀው እየተከተለች የመጨረሻውን ቃል ብቻ ትዘፍናለች። መኪናው ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን ሙሉውን ይዛዋለች።